ተሻገር የሚለው መስመር

ቦንጋ ላይ መብራት የሚጠፋው ሰው ሥራ ሲይዘው ነው። ወፍጮ ቤቱም ያውቀዋል፣ ፀጉር ቆራጩም ያውቀዋል፣ ሀፍሳ ተማም ግን ከሁሉም አብልጣ ታውቀዋለች። በ2007 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ አሥራ ሁለት ኮምፒውተር አስነሥታ፣ አንዱ ሲወድቅባት አሥራ አንዱ ተጎልተው ሲጠብቁት እያየች ትውል ነበር። ኮምፒውተር ስላችሁ ደግሞ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከየመሥሪያ ቤቱ አገልግሎታቸው አብቅቷል ተብለው የተለቀሙ ናቸው፤ ሦስቱ በመዳፍ ካልተመቱ አይነሡም፣ አንዱማ ክዳኑ ወልቆ ሆድ ዕቃው የሚታይ ነበር።

መሥሪያ ቤቱ ለሁለት ዓመት ብቻ የተቋቋመ የካርታ ፕሮጀክት ነው። ከቦንጋ እስከ ሺሺንዳ፣ ከዚያም እስከ ዋጫ ያለው የቡና አገር ከሰማይ ፎቶ ተነሥቶ፣ ፎቶው አራት መቶ ሰማንያ ቁራጭ ሆኖ መጥቷል። የሀፍሳ ሥራ ከእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ የገበሬውን ማሳ ወሰን አውጥቶ ከቀበሌው የስም ዝርዝር ጋር ማገናኘት ነበር። ባለቤት የተገኘለት ማሳ በባለቤቱ ስም ይመዘገባል። ያልተገኘለት "ነፃ መሬት" ተብሎ ለባለሀብት በሚሰጠው ዝርዝር ውስጥ ይገባል። ሥራው በአንድ ኮምፒውተር ስምንት ወር ይፈጃል፤ አለቃዋ አቶ ደምመላሽ ደግሞ ለግንቦት ሃያ በዓል እናደርሳለን ብለው በበላይ ፊት ቃል ገብተው መጥተዋል። ማን አስገደዳቸው? ማንም። ግምገማው ላይ ሞቅ ብሏቸው ነው።

ሀፍሳ አልደነገጠችም። ዩኒቨርሲቲ ሳለች የመመረቂያ ሥራዋን የሠራችው በዚሁ ላይ ነው፤ አንድን ሥራ ለብዙ ማሽን አካፍሎ ጎን ለጎን ማሠራት። ይህ ነገር ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ለእያንዳንዱ ማሽን "አንተ ይህን ያዝ፣ ስትጨርስ ለእገሌ ስጠው፣ እገሌ ካልመለሰልህ ጠብቅ" እያሉ አንድ በአንድ ማዘዝ ነው። እንዲህ የሚጽፍ ሰው ሳይሸብት አይጨርስም። ሁለተኛው ከፍ ብሎ ማዘዝ ነው፤ "ለእያንዳንዱ ቁራጭ ይህን አድርጉ፣ ውጤቱን ሰብስቡ" ብሎ መተው። ማን የትኛውን እንደሚወስድ፣ አንዱ ሲወድቅ ሥራው ለማን እንደሚተላለፍ፣ ከሥር ያለው ማከፋፈያ ፕሮግራም ይጨነቅበታል። አስተማሪዋ ይህን ሲያስረዳ ጓደኞቿ ግራ ገብቷቸው ነበር። እሷ ግን ወዲያው ገባት፤ እትዬ ተሾመች ደጅ ደቦ ሲወጣ እያየች ነው ያደገችው።

እትዬ ተሾመች ማን መሰሏችሁ? የሀፍሳ የጡት እናት ናቸው። አባቷ ጋሽ ተማም ሱቃቸው ሺሺንዳ ገበያ ላይ በነበረበት ጊዜ ሀፍሳ ተወለደች፤ እናቷ በወሊድ ታመው ጡታቸው ደረቀ። እትዬ ተሾመች በዚያው ሳምንት የአርባ ቀን ልጃቸውን ቀብረው፣ ጡታቸው ሞልቶ ያሰቃያቸው ነበር። ማንም ሳይጠራቸው ከእርሻቸው ወርደው መጡና "ስጡኝ" አሉ። እሳቸው ክርስቲያን፣ እነጋሽ ተማም እስላም፤ ያን ቀን ማንም ይህን አላነሣም። ሀፍሳ ሁለት ዓመት ጠባች። ቤተሰቡ ወደ ቦንጋ ከተዛወረ በኋላም ትምህርት በተዘጋ ቁጥር ሺሺንዳ እየሄደች የምትከርመው እሳቸው ዘንድ ነበር።

ታዲያ እዚያ ደቦ ሲወጣ እትዬ ተሾመች "ከዚህ እስከ ዋንዛው ድረስ የቡናውን ሥር አርሙልኝ" ብለው ወደ ጓዳ ይገባሉ። ማን የት እንደሚቆም አይናገሩም፤ ሰዉ ራሱ ተካፍሎ በሁለት በሦስት ረድፍ ይሰለፋል። አንድ ነገር ግን ሳያዩ አያልፉም። ሁለት ረድፍ የሚገናኝበት ቦታ ላይ የቆመው ሰው ከወዲህም ከወዲያም አንድ አንድ እርምጃ ተሻግሮ ማረም አለበት።

"አለዚያ እነዚህ እነዚያ ያርሙታል ይላሉ፣ እነዚያም እነዚህ ይላሉ፤ መሃሉ ላይ አረሙ ይቀርልኛል" ብለው ለትንሿ ሀፍሳ ነግረዋት ነበር።

ሀፍሳ ፕሮግራሙን ስትጽፍ ይህ ትዝ አላት። ፎቶው የተቆረጠው በማስመሪያ ነው፤ የሰው ማሳ ደግሞ በማስመሪያ አልተሠራም። ቁርጡ መሃሉን ያለፈበት ማሳ ግማሹ በአንዱ ማሽን፣ ግማሹ በሌላው እጅ ይወድቃል። ሁለቱም የሚያዩት ጎዶሎ ቅርጽ ስለሆነ፣ ሁለቱም ጉድፍ መስሏቸው ይጥሉታል። ስለዚህ እያንዳንዱ ማሽን የጎረቤቱን ጠርዝ ተቀብሎ አንድ እርምጃ አልፎ እንዲያይ የሚያደርግ መስመር ጨመረች። ስሙንም "ተሻገር" አለችው። የዚያን ቀን ብቻዋን ስትስቅ የቢሮው ተላላኪ "ምን አገኘሽ?" ብላ ጠይቃታለች።

ችግሩ መሻገር መጠባበቅን መፈለጉ ነው። ጎረቤቱ ሳይጨርስ ጠርዙን መስጠት አይችልም። መብራት ብልጭ ብሎ አንዱ ማሽን ሲወድቅ ጎረቤቱ ይቆማል፣ የጎረቤቱ ጎረቤት ይቆማል፣ በሩብ ሰዓት ውስጥ ክፍሉ በሙሉ ጸጥ ይላል። ጄኔሬተር አለ፤ ነዳጅ የለም። ሚያዝያ አልቆ ግንቦት ሲገባ ከአራት መቶ ሰማንያው ቁራጭ ያለቀው መቶ አሥር ነበር።

አቶ ደምመላሽ በር ላይ ቆመው ማሽኖቹን እንደ ሠራተኛ ገላመጧቸው።

"እነዚህ አሥራ አንዱ ለምንድን ነው ቁጭ ያሉት?"

"አሥራ ሁለተኛውን እየጠበቁ ነው።"

"ሰው ቢሆኑ ገምግሜ አባርራቸው ነበር። አንድ ለአምስት አደራጅተን ስናበቃ አንዱ ሰነፍ ሌላውን ያስተኛል? ሳይጠባበቁ መሥራት አይችሉም?"

"ይችላሉ። ግን ጠርዝ ላይ ያሉት ማሳዎች ይጎድላሉ።"

"ስንት ቢሆኑ ነው?"

"ከመቶ ሁለት አይሞሉም።"

"በይ እንግዲህ! ዘጠና ስምንት ምን አነሰው? ሁለቱን በሁለተኛ ዙር ታሟያቸዋለሽ። ግንቦት ሃያ ሁለተኛ ዙር የለውም።"

ሀፍሳ ተከራከረች ብላችሁ ደስ ባለኝ። አልተከራከረችም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እሷም ሰልችቷታል፤ እሷም ያ ክፍል ሲንጫጫ ማየት ናፍቋታል። "ተሻገር" የሚለው መስመር ፊት እንዳይሠራ የሚያደርገውን ምልክት አስቀመጠች። የአንድ ጣት ሥራ ነው። ጎኑ ላይ "በሁለተኛ ዙር ይመለሳል" ብላ ጻፈች። ከዚያ በኋላ ማንም ማንን አልጠበቀም። በዘጠኝ ቀን ሁሉም አለቀ።

በዓሉ ዕለት አዳራሽ ውስጥ ስሟ ተጠርቶ የምስክር ወረቀት ተሰጣት። አባቷ በመስታወት አስገብተው ሱቁ ውስጥ ከዘይት ጀሪካኖቹ በላይ ሰቀሉት፤ ጨው ሊገዛ የገባ ሁሉ ሳያነብ አይወጣም። በዚያው ሰሞን አቶ ደምመላሽ "ጥራቱ መቶ በመቶ ተረጋግጧል" የሚል ደብዳቤ አቀረቡላትና ፈረመች። ሰኔ ላይ ፕሮጀክቱ ተዘጋ፣ እሳቸው በሹመት ወደ ሌላ ቢሮ ሄዱ፣ እሷም ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረች። ሁለተኛው ዙርስ? ረሳችው። ምን ይደበቃል፣ ረሳችው።

መስከረም 2008 ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እትዬ ተሾመች ከሺሺንዳ በአውቶቡስ መጡ። ሌላ ጊዜ ሲመጡ ማር ወይ ቆጮ ሳይዙ አይመጡም። ያን ቀን የያዙት አንድ የታጠፈ ወረቀት ብቻ ነው። ሱቁ ውስጥ ካለችው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ወረቀቱን ለሀፍሳ ሰጧት።

"የቀበሌው ሰው ነው የሰጠኝ። መሬትሽ ሲስተም ላይ የለም አለኝ። ባልሽ ከሞተ ጀምሮ ባዶ ነው አለኝ። እንዴት ባዶ ይሆናል? ትናንት እኮ እዚያው ሳርም ነው የዋልኩት! የግብር ደረሰኙን አሳየሁት፤ ደረሰኝ ሲስተም አይደለም አለኝ። አንቺ ኮምፒውተር ታውቂያለሽ። ንገሪልኝ ልጄ። አለች በይልኝ።"

ሀፍሳ ላፕቶፗን ከቦርሳዋ አወጣች። ፎቶውን ከፍታ ሺሺንዳን ፈለገች፣ ከዚያ ወንዙን፣ ከዚያ ዋንዛውን። የቁራጭ 213 እና የቁራጭ 214 ቁርጥ በዋንዛው ሥር፣ በቡናው መሃል ለመሃል ያልፋል። ከወዲህ ያለው ግማሽ ተጥሏል። ከወዲያ ያለው ግማሽም ተጥሏል። እነዚያን ቡናዎች አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች፤ ወድቃ ግንባሯን የተፈነከተችው ከነሱ መሃል ነው።

"አለ አይደል?" አሉ እትዬ ተሾመች አንገታቸውን አስግገው።

"ስህተት ነው፣ እማ። ስህተት ተሠርቷል።"

"ስህተት? ማን ነው የተሳሳተው?"

ያን ጊዜ መናገር ነበረባት። የምስክር ወረቀቱ ከራሳቸው በላይ ተሰቅሏል፣ አባቷ ሚዛኑን ትተው ያዳምጣሉ፣ እሷ ደግሞ ላፕቶፑ ላይ እንዳቀረቀረች ቀረች።

እትዬ ተሾመች ተነሡ። ነጠላቸውን አውልቀው ወገባቸው ላይ አሰሩና ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ። እርግማኑን በአገሩ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ ጀመሩት፤ ከዚያ ጋሽ ተማም እንዲሰሙት ብለው በአማርኛ ደገሙት።

"ይህን ያደረገ እጅ፣ የማንም ይሁን የማን፣ ይሽመድመድ! ጉርሻ አፉ ማድረስ ያቅተው! ያጠባው ጡት ይፍረድበት!"

"አሚን" አሉ ጋሽ ተማም።

ከዚያ ሁለቱም ሀፍሳን አዩዋት። ትልቅ ሰው ሲመርቅም ሲረግምም ዝም ብሎ የሚቆም ልጅ የለም። ዝም ብትል ምን ሊሉ ነው?

"አሚን" አለች።

ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ወር እንዴት እንዳለፈ እሷም በደንብ አታስታውሰውም። "ተሻገር" ፊት ያለውን ምልክት አነሣችና በራሷ ላፕቶፕ፣ በአንድ ማሽን ብቻ፣ ጠርዞቹን እንደገና አሠራች። የሚጠባበቅ አልነበረም፤ ብቻውን ነበር። አሥራ ሰባት ቀን ፈጀ። አርባ አንድ ማሳ ብቅ አለ፤ የእትዬ ተሾመች ሃያ ስድስተኛው ነበር። ስማቸውን አይታ ጠረጴዛውን በጡጫ መታች፤ ከደስታ ነው። አሳትማ ይዛ ወደ አቶ ደምመላሽ አዲሱ ቢሮ ሮጠች።

አቶ ደምመላሽ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አደረጉት። "ምንድን ነው ይኼ?"

"ሁለተኛው ዙር ነው።"

"ፕሮጀክቱ እኮ ተዘግቷል፣ ሀፍሳ።"

"ስህተቱ የኔ ነው አቶ ደምመላሽ። እጽፋለሁ፣ እፈርማለሁ፣ የፈለጉትን ይቅጡኝ። የአርባ አንድ ሰው መሬት ነው።"

ሰውየው ክፉ አልነበሩም፤ ክፉ ቢሆኑ ለእሷ ይቀላት ነበር። መሳቢያቸውን ከፍተው ያንን ደብዳቤ አወጡ። ጥራቱ መቶ በመቶ ተረጋግጧል፤ ሀፍሳ ተማም፤ ፊርማ፤ ማኅተም።

"አሁን የትኛውን ፊርማሽን እንመን?" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ባለሀብቱ ውል ተዋውሏል። ሪፖርቱ ላይኛው ድረስ ሄዷል። ይህን ይዘሽ ብትዞሪ አንቺም ትጠፊያለሽ፣ እኔም እጠፋለሁ፣ መሬቱ ግን አይመለስም። ልጆች አሉኝ። ተይኝ በናትሽ።"

አልተወችም። ፈቃድ ጠይቃ ወደ ወረዳው ከተማ፣ ወደ ዋጫ ወረደች። ቅሬታ ሰሚዎቹ ዝርዝሩ ሐምሌ ላይ ለሠላሳ ቀን ተለጥፎ እንደነበር፣ ያን ጊዜ ያልቀረበ ቅሬታ እንደማይታይ ነገሯት። ሐምሌ! በዚያ ዝናብ ከሺሺንዳ ዋጫ ማን ይሄዳል? የማስታወቂያ ሰሌዳውን ሄዳ አየችው። ወረቀቱ አሁንም አለ፤ ቀለሙ ታጥቦ ወርዶ ሚስማሩ ብቻ ይነበባል። ቢነበብስ? እትዬ ተሾመች ማንበብ አይችሉም። በር ላይ ቆማ አለቀሰች፣ ዘበኛው ወንበር ሰጣት፣ ከዚያ ሌላ ምንም የሰጣት ሰው አልነበረም።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ በአዲሱ ክፍሏ ደብዳቤ ደረሳት። ሺሺንዳ አካባቢ ለባለሀብት የተሰጠው መሬት ወሰን ላይ ችካል ይተከላል፤ የመሬት መለኪያ መሣሪያውን የምትችል ባለሙያ ሀፍሳ ስለሆነች ሁለት ሠራተኞች ይዛ ትሂድ። እምቢ ማለት ትችል ነበር። ግን እምቢ ብትል ሌላ ሰው ይሄዳል፣ ያ ሰው ለእትዬ ተሾመች ምንም ሳይነግራቸው ችካሉን ተክሎ ይመለሳል። እኔው ልንገራት አለች። ለአባቷ እንኳ ሳትናገር ሄደች።

ቡናው መቅላት ጀምሯል። እትዬ ተሾመች ከሩቅ ሲያዩዋት እልል አሉ።

"መጣችልኝ! ብያችሁ አልነበር? ልጄ መጣች!" ብለው ጎረቤቶቻቸውን ተጣሩ። ሮጠው መጥተው አንገቷን አቅፈው ጉንጯን አገላብጠው ሳሟት። "አስመለስሽልኝ አይደል? ከኮምፒውተሩ አወጣሽልኝ?"

ሁለቱ ሠራተኞች የችካሉን ሸክም መሬት ላይ አወረዱት። እትዬ ተሾመች ችካሉን አዩ፣ ሀፍሳን አዩ፣ እልልታቸው ቆመ።

"እማ፣ አልተመለሰም" አለች። "ሁሉም ጋ ሄድኩ። አልተመለሰም።"

"እሺ። እሺ ልጄ። አንቺ ምን ታደርጊ? ሞክረሻል።"

"እኔ ነኝ።"

"ምኑ?"

"መሬትሽን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ማሽኖቹ እየተጠባበቁ ዘገዩብኝ። አንድ እርምጃ ተሻገሩ የሚለውን መስመር ዘጋሁት፤ አንቺ ያስተማርሽኝን። አረሙ መሃል ላይ ይቀራል ያልሽኝን አውቄ፣ እያወቅሁ ነው የዘጋሁት። ያንቺ ማሳ መሃል ላይ ቀረ።"

እትዬ ተሾመች ስለ ማሽኖቹ ምን እንደገባቸው አላውቅም። ስለ እርምጃው ግን ገብቷቸዋል። ጎረቤቶቹ አንድ ሁለት እያሉ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ከዚያ እትዬ ተሾመች የሀፍሳን ቀኝ እጅ አነሡ። በሁለት እጃቸው ይዘው ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፉ፣ አንድ በአንድ ዘረጉ።

"ይኼ ነው?"

"አዎ።"

"ያምሻል?"

"አያመኝም።"

"ጣትሽ አይደነዝዝም? ጉርሻ ስታነሺ አይንቀጠቀጥም?"

"አይ፣ እማ።"

"በጡቴ ነው የረገምኩሽ እኮ" አሉ። "ከዚያን ቀን ወዲህ ጠዋት ጠዋት ስነሣ እደግመዋለሁ። የማላውቀው ሰው መስሎኝ። አንቺም አሚን ብለሻል። ስትዪ ሰምቼሻለሁ። ለምን አሚን አልሽ ልጄ?"

እትዬ ተሾመች እጇን ወደ አፋቸው አስጠጉ። እርግማን የሚነሣው በምራቅ ነው፤ ትፍ ትፍ ብሎ መርቆ ነው የሚነሣው። ከንፈራቸውን አሞጠሞጡ፣ አንዴ ሞከሩ፣ ደግመው ሞከሩ። አፋቸው ደርቆ ነበር፤ ምንም አልወጣም። እጇን ግን አልለቀቁትም።

"እህት" አለ ከሠራተኞቹ አንዱ ከዋንዛው ሥር፣ መዶሻውን እንደያዘ። "ፀሐይ ሳይከርብን እንጨርስ። የመጀመሪያው ችካል የት ጋ ነው?"

ቀኝ እጇ ተይዟል። ሀፍሳ በግራዋ አሳየችው።